የቡርቃ ጣቢያ ሹም

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ዝናብ አባሮኝ አትክልት ተራ ካለው የከተማ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ሥር ተጠለልኩ። ከላይ ባቡሩ ሲቆም የእርጥብ ብረትና የጋለ ቅባት ሽታ በደረጃው ወርዶ አፍንጫዬ ላይ ደረሰ። የአሁኑ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፤ ጢስ የለው፣ ጥቀርሻ የለው። ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወጣው ሽታ ግን ያው የድሮው ነው። አጠገቤ የእናቱን እጅ ይዞ የቆመ የሰባት ዓመት ያህል ልጅ ነበር።

«እማ፣ ይሄ ጣቢያ ሳይሠራ በፊት እዚህ ምን ነበር?» አላት።

«እኔ እንጃ» አለችው ዝናቡን እያየች።

«ማን ያውቃል ታዲያ?»

እናትየው ሳቀች እንጂ አልመለሰችለትም። እኔን ግን አስደነገጠኝ። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ የሰማሁት ከአምሳ ዓመት በፊት ነው። ያኔ ጠያቂው ልጅ አልነበረም፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ጋሽ ዘለቀ ነበሩ።

ጋሽ ዘለቀ የአፍንጮ በር ጎረቤታችን ናቸው። እናቴና እኔ በምንኖርበት ግቢ ውስጥ አምስት ቤቶች ነበሩ፤ የሳቸው ከእኛ ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ የሚለይ ነጠላ ክፍል ነበር። ሚስታቸው እኔ ሳልወለድ ሞተዋል። አንድ ሴት ልጃቸው አግብታ ድሬዳዋ ትኖራለች። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ሰው ሲያናግራቸው ጭንቅላታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው የሚሰሙ ሰው ነበሩ። ወፍ የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር።

ሥራቸው የባቡር ጣቢያ ሹምነት ነው። ጣቢያዋ ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ለገሃር አይደለችም። ከለገሃር ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ባቡር ቤቶቹን ጨርሶ ሜዳ ሲጀምር የሚያገኛት፣ ቆመባትም አለፋትም ተሳፋሪው ልብ የማይላት ትንሽ ጣቢያ ነበረች። ቡርቃ ትባላለች። ጋሽ ዘለቀ ጠዋት ጠዋት የተተኮሰ ካኪ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ ባለ ወርቃማ ጥልፍ ቆባቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው፣ አውቶቡስ ለመያዝ ወደ ፒያሳ ይወርዳሉ። ቆቡን መንገድ ላይ አያደርጉትም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ቆቡ የጣቢያዋ ነው» አሉኝ። «እዚህ አፍንጮ በር እኔ የማን ሹም ነኝ?»

የማይጠይቁት ነገር አልነበረም። ፒያሳ መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሰዓት የሚጠግነውን ሰው፣ ሰዓት ወደ ቀኝ እንጂ ወደ ግራ የማይዞረው ለምን እንደሆነ ጠይቀውታል። ሰውየው ለሁለት ሳምንት ያህል ሲያልፉ ባያቸው ቁጥር አንገቱን ይደፋ ነበር ብለው ሲያወሩን እናቴ በሳቅ እንባዋ መጣ። የሰሙትን ሁሉ በጥቁር ማስታወሻ ደብተር ይጽፋሉ። ከያንዳንዱ መልስ ሥር የነገራቸውን ሰው ስም፣ ከስሙ ጎን ደግሞ «አይቷል» ወይም «ሰምቷል» የሚል ቃል ያስቀምጣሉ።

ለኔም በየቅዳሜው አንድ ጥያቄ ይሰጡኝ ነበር። አንድ ጊዜ «ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሥር የሚወርደው ውሃ ከየት ይመጣል?» አሉኝ። ሰኞ መምህሬን ጠይቄ እየሮጥኩ መጣሁና «ከእንጦጦ ነው!» አልኳቸው።

«መምህርሽ ሄደው አይተውታል?»

«አይ… መጽሐፍ ላይ አንብበው ነው መሰለኝ።»

«እሺ፣ መጽሐፉን የጻፈው ሰውስ?»

በዚያ ሳምንት ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ወንዙን ይዘን ሽቅብ ወጣን። የደረስንበት ድረስ ደርሰን፣ ቀሚሳችን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለስን። እናቴ ተቆጣችኝ። ጋሽ ዘለቀ ግን በርጩማቸውን አቀረቡልኝና ድንጋዩ ምን ዓይነት እንደነበረ፣ ውሃው የት ላይ እንደጠራ፣ የት ላይ እንደደፈረሰ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። እንደዚያ ቀን ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም።

ቡርቃን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። እናቴ አራዳ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ስለነበረች ቀን ቀን ብቻዬን እውላለሁ። ጋሽ ዘለቀ «ከኔ ጋር ትዋል» ሲሉ ፈቀደች። ከለገሃር በሦስተኛ ማዕረግ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠን ሄድን። ከፊታችን አንዲት ሴትዮ ሁለት ዶሮ በዘንቢል ይዘው ነበር፤ ባቡሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ዶሮዎቹ አንገታቸውን አውጥተው ያዩኛል። ቡርቃ ስንደርስ ከኛ ሌላ የወረደ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጋሽ ዘለቀ እግራቸው መሬት እንደነካ ጋዜጣውን ፈቱና ቆቡን አደረጉ። ወዲያው ጉብጠታቸው የጠፋ መሰለኝ።

ጣቢያዋ ቢጫ ቀለም የተቀባች፣ ጣሪያዋ ቀይ ሸክላ የሆነ የድንጋይ ቤት ናት። ትኬት የሚሸጥባት ባለ ሽቦ መስኮት፣ ዕቃ የሚመዘንባት ትልቅ ሚዛን፣ ባቡር ሲመጣ የሚደወል የመዳብ ደወል፣ ሰዓት የሚጻፍባት ጥቁር ሰሌዳና እጀታው እየተሽከረከረ የሚደወል ስልክ አላት። ከጋሽ ዘለቀ ሌላ ያለው ሠራተኛ ሀዲድ የሚቀይረው ሰውዬ ብቻ ነው። በቀን የሚቆሙት ባቡሮች ጥቂት ስለነበሩ ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሠሩ ይገርመኝ ነበር። ስውል ግን ገባኝ።

ከድሮው የውሃ ማማ ላይ አንድ ቧንቧ ተቀጥሏል፤ የአካባቢው ሴቶች ከጠዋት ጀምሮ ይሰለፉበታል። ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ዘበኛ፣ ትምህርት ሲኖር፣ ደወሉን ከመምታቱ በፊት መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ የጣቢያዋን ሰዓት ያያል። ሰው ሲታመም ቤተሰቡ እየሮጠ የሚመጣው ወደ ስልኩ ነው። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ደብዳቤያቸውን ይዘው ይመጡና ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ያነቡላቸዋል፤ ደስ የማይል ወሬ ያለበት ከሆነ መጀመሪያ በልባቸው ጨርሰው፣ ሰውየውን አስቀምጠው ነው የሚያነቡት። አንድ መደርደሪያ ደግሞ ባቡር ላይ የተረሳ ዕቃ ብቻ ነው፤ ጃንጥላ፣ ነጠላ ጫማ፣ የሕፃን ኮፍያ፣ አንድ ክራር እንኳ ነበር። እያንዳንዱ ላይ በክር የታሰረ ወረቀት አለ። ክራሩ ላይ «ባለቤቱ ሲወርድ ያለቅስ የነበረ ወጣት ነው» ይላል።

በሐምሌ ወር ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ መጣላቸው። ማታ ሲገቡ እኛ በር ላይ ቆመው ለእናቴ አነበቡላት። ተሳፋሪ ያነሰባቸውን ትናንሽ ጣቢያዎች ለመዝጋት ታስቧልና፣ ሹሞቹ የየጣቢያቸውን ታሪክና የሚሰጡትን አገልግሎት ጽፈው በአንድ ወር ውስጥ ያቅርቡ ይላል።

«ቢዘጋ እርስዎስ?» አለቻቸው እናቴ።

«እኔማ አንድ ቦታ ያስቀምጡኛል፣ ወይዘሮ አስካለ። እሷን ነው እንጂ የት ያስቀምጧታል?»

አገልግሎቱን መጻፍ አላስቸገራቸውም። ያስቸገራቸው ታሪኩ ነው። ቡርቃ ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተሠራች የሚናገር አንድም ወረቀት ጣቢያዋ ውስጥ አልነበረም። በአካባቢው ግን የሚወራ ነገር ነበር፤ የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ ሊገባ ሲል መሸበትና ቡርቃ አደረ፣ ከተማው የተቀበለው በማግስቱ ነው ይባላል። ሀዲድ ቀያሪው ምሎ ተገዝቶ ነው የሚያወራው።

«ማን አየው?» አሉት ጋሽ ዘለቀ።

«አባቴ ነው የነገረኝ።»

«አባትህ አይተዋል?»

«ለአባቴ የነገሩት ሰው አይተዋል።»

ጋሽ ዘለቀ ደብተራቸው ላይ «ሰምቷል» ብለው ጻፉ። ከዚያ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

እኔ ግን በወሬው ተማርኬ ነበር። ያ ትልቅ ጥቁር ባቡር እዚያች ቢጫ ቤት ደጃፍ ተኝቶ ሲያድር በዓይነ ኅሊናዬ አየዋለሁ። እንዲህ ያለ ጣቢያ ማን ይዘጋዋል? አገር ሁሉ ሊያየው አይመጣም?

በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ ስለ አዴ ዲንቄ ነገረችን። በአካባቢው ካሉት ሁሉ በዕድሜ የገፉት እሳቸው ናቸው፤ ባቡሩ ሲመጣ ካዩት ውስጥ በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው አለችን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባቡር በማይመጣበት ሰዓት፣ ጭቃውን እየረገጥን ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድን። አዴ ዲንቄን ደጃቸው ላይ ቁርበት አንጥፈው ባቄላ ሲፈለፍሉ አገኘናቸው። ጋሽ ዘለቀ ቆባቸውን አውልቀው በኦሮምኛ ሰላምታ «አካም ጅርቱ፣ አዴ?» አሏቸው። አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አይተዋቸው፣ በኦሮምኛ ለዛ በታሸ አማርኛ «የባቡሩ ሰው መጣ!» ብለው ሳቁ። አንድም የፊት ጥርስ አልነበራቸውም።

የመጀመሪያው ባቡር አድሮ እንደሆነ ሲጠየቁ ባቄላውን አስቀመጡት።

«አደረ? ማን ነው አደረ ያለህ? ዞር ብሎም አላየን! አባቴ በግ ይዞ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ሣር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። መጣ፣ ጮኸ፣ አለፈ። በጉ ደንግጦ ገመዱን በጠሰና ጠፋ። ቀኑን ሙሉ በግ ስንፈልግ ዋልን።»

ጋሽ ዘለቀ ከሳቅ ብዛት መጻፍ አቃታቸው። እኔ ግን ደጃፏ ተኝቶ የሚያድረው ባቡሬ ጠፋብኝ።

«ጣቢያዋ ታዲያ እንዴት መጣች?» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

«በውሃ ጥም ነዋ!» አሉ አዴ ዲንቄ። «በሌላ ጊዜ፣ በጋ ነው፣ ባቡሩ ዳገቱን መውጣት አቃተውና እዚህ ቆመ። ሆዱ ውስጥ ያለው ውሃ አልቋል። ፈረንጁ ወርዶ እጁን ያወናጭፋል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። ወንዶቹ ሸሽተው ከሩቅ ያያሉ። እናቴ ናት የገባት። ‹ይሄ ነገር ጠምቶታል› አለች። እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ ሮጠች። ሌሎቹም ተከተሏት። ሰባት ሴቶች ናቸው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተመላለሱ። እኔም ትንሽ ቅል ይዤ እከተላለሁ። ኋላ ትፍ ትፍ አለና ተነሳ። ሴቶቹ እልል አሉ። በዓመቱ ሰዎች መጥተው ቦታውን ለኩ፤ መጀመሪያ የውሃውን ማማ ሠሩ፣ ቀጥሎ ቤቱን ሠሩ። ቡርቃ ማለት ምንጭ አይደለም እንዴ?»

«አዴ፣ ይህን በዓይንዎ ነው ያዩት?»

«በዓይን ብቻ? የእግሬ ቆዳ ተልጧል!»

ስንመለስ ጋሽ ዘለቀ ሲያፏጩ ሰማኋቸው። ሲያፏጩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆሙና የውሃውን ማማ ከሩቅ እያዩ «ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራባት አላውቃትም ነበር» አሉ።

ጽሑፉን ያዘጋጀነው እኛ ቤት ነው። የሳቸው የእጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል እሳቸው እየነገሩኝ እኔ እጽፋለሁ፤ እናቴ ደግሞ አለቃዋን አስፈቅዳ በምሳ ሰዓቷ በታይፕ ልትመታላቸው ነው። የአገልግሎቱን ዝርዝር ስታነብ ግን ፊቷ ተኮሳተረ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የሴቶቹ ቧንቧ፣ የትምህርት ቤቱ ሰዓት፣ ደብዳቤ ማንበቡ… ይሄ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ይጻፋል? ተሳፋሪና ጭነት ነው የጠየቁዎት። ይስቁብዎታል።»

«ተሳፋሪና ጭነትማ ባቡሩ የሚሰጠው አገልግሎት ነው» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «የጠየቁኝ ስለ ጣቢያዋ ነው።»

እናቴ ዝርዝሩን መልሳልኝ ራት ልትሠራ ወጣች። ታሪኩ ላይ ስንደርስ እኔ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ የመጀመሪያው ባቡር አድሮባታል ብንልስ?»

«አዴ ዲንቄን አልሰማሻቸውም?»

«ሰምቻለሁ። ግን ሰው ሁሉ አደረ ነው የሚለው። እንስራ ስላዘሉ ሴቶች ማን ግድ አለው? እንዲህ ካልን እኮ አይዘጓትም!»

ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አይ፣ ትርሲት» አሉ በመጨረሻ። «ሴቶቹን እንጻፍ።»

ጻፍኩ። ሰባቱን ሴቶች፣ እንስራውን፣ ምንጩን ጻፍኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ቤት ውስጥ ሳለሁ ግን ወረቀቱን አወጣሁ። ከመጨረሻው ገጽ ሥር ባዶ ቦታ ነበር። እንዲህ ብዬ ጨመርኩበት፦ «በተጨማሪም የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ያደረው በዚሁ በቡርቃ ጣቢያ ነው።» ጣቢያዋን ከሞት ያዳንኳት መስሎኝ ነበር። እናቴ ከጽሑፌ ላይ መታችው፤ አዴ ዲንቄ ያሉትን አላወቀችም፣ ምኑንም አልጠረጠረችም። ጋሽ ዘለቀ ሊፈርሙ ሲሉ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ መልሰው ከተቱት።

«ትርሲት የጻፈችውን ደግሞ ምን አነበዋለሁ» አሉና ፈረሙ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች ጣቢያዋን ሊያዩ እንደሚመጡ ተነገራቸው። ጋሽ ዘለቀ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ጣቢያዋን ብሎ የመጣ ሹም አልነበረም። ደወሉን በአሸዋና በሎሚ ፈትገው አብለጨለጩት። «አንቺም ነይ፤ ከእጅሽ ሥራ የመጣ ነው» አሉኝ። የክት ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ።

የመጡት አንድ ፀጉራቸው የሸበተ መሐንዲስና አንድ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ናቸው። ጋሽ ዘለቀ ቧንቧውን ሊያሳዩአቸው ሲጀምሩ ወጣቱ አቋረጣቸው።

«እሱን በኋላ እናየዋለን። ባቡሩ ያደረው የቱ ጋ ነው?»

«የቱ ባቡር?»

«የመጀመሪያው ባቡር ነዋ። ፎቶግራፍ እንዳነሳው ነው የታዘዝኩት።»

ጋሽ ዘለቀ አልገባቸውም። ሽማግሌው መሐንዲስ ወረቀቱን ከቦርሳቸው አወጡ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«አቶ ዘለቀ፣ እኔንም ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣቢያው የተሠራው ባቡሩ መመላለስ ከጀመረ በኋላ ነው ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ባቡር በዚሁ ጣቢያ አደረ ይላል። የቱን እንመን?»

ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። እኔ ከደወሉ ምሰሶ ጀርባ ቆሜ ነበር። ወደኔ ያዩ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። አላዩኝም። ሆን ብለው እንዳላዩኝ የገባኝ ሳድግ ነው።

«ይህ ስህተት ነው» አሉ። «ባቡሩ እዚህ አላደረም። የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ስህተቱም የኔ ነው።»

«ሌላውስ? ሰባቱ ሴቶች?»

«እሱ እውነት ነው።»

«ማስረጃ አለዎት?»

«ያዩ ሰው አሉ። ሩቅ አይደለም፣ ግማሽ ሰዓት ነው። እንሂድና ራስዎ ይጠይቋቸው።»

ወጣቱ ጭቃውን አየ፤ ከዚያ ጫማውን አየ። መሐንዲሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። የመመለሻ ባቡራቸው ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው። «ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ከተቱት። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ባቡሩ መጣ፣ ተሳፈሩ፣ ሄዱ። ጋሽ ዘለቀ እንደ ደንቡ አረንጓዴውን ባንዲራ ይዘው ባቡሩ ከዓይን እስኪሰወር ቆሙ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ከለገሃር ጥቂት ሲቀረን ነው አፌ የተፈታው።

«ጋሽ ዘለቀ፣ እኔ ነኝ።»

«አውቄአለሁ» አሉ። «በታይፕ ቢመታም አውቄዋለሁ። ‹በተጨማሪም› የምትይው አንቺ ነሽ።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። መሐረባቸውን ሰጡኝና ጭንቅላታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረጉ፤ እንደሌላው ጊዜ ሁሉ መልሱን ማወቅ እንደፈለጉ ያስታውቃሉ።

«ለምን ጻፍሽው?»

«እንዳትዘጋ ብዬ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። የቆርቆሮ ጣሪያዎች እየበዙ፣ ከተማው እየተጠጋ ነበር።

«እኔም አስቤው ነበር» አሉ። «ያን ቀን ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩት እኮ ለዚያ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም፣ ትርሲት። ግን አዴ ዲንቄ ባዶ እጃቸውን ናቸው፤ ወረቀት የላቸው፣ ማኅተም የላቸው። የሳቸው ቃል እንዲታመን ከጎኑ ያለው ሁሉ እውነት መሆን ነበረበት።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለእናቴ የነገርኳት እኔው ራሴ ነኝ። አልመታችኝም፤ ፊቷ ግን ለብዙ ቀን አልተፈታም። በማግስቱ ያን ገጽ እንደገና መትታ፣ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ከጋሽ ዘለቀ ጋር ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄደች። የታረመውን ገጽ ተቀብለው ማኅተም አደረጉበት። ጋሽ ዘለቀ ከሥሩ አንድ ልመና ጨምረውበት ነበር፤ ጣቢያዋ ብትዘጋም የሴቶቹ ቧንቧ እንዳይዘጋ።

ጣቢያዋ መስቀል እንዳለፈ ተዘጋች። ሰዓቱ፣ ስልኩና ሚዛኑ በአንድ ፉርጎ ተጭነው ሄዱ። የአካባቢው ሰው ከሀዲዱ ማዶ ቆሞ ያያል። ጋሽ ዘለቀ ቆባቸውን አውልቀው ከቁልፎቹ ጋር አስረከቡ። ቧንቧውን ግን ማንም አልነካውም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ባልጨምር ኖሮ ጣቢያዋ ትተርፍ ነበር? አድጌ፣ ሚዛናዊ መስዬ፣ አንድ ቀን ይህንኑ ጠየቅኋቸው። «ማን ያውቃል» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ አልዋሹኝም፤ ሊወቅሱኝም አልፈለጉም። በእውነት አያውቁም ነበር።

ከተዘጋች በኋላ በመጣው ቅዳሜ ከቤት ሳልወጣ ዋልኩ። ከእንግዲህ ጥያቄ የሚሰጡኝ አልመሰለኝም። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ያን የጭቃ ግድግዳ ሲያንኳኩ ሰማሁ።

«ትርሲት! አፍንጮ በር ለምን አፍንጮ በር ተባለ?»

ደብተሬን ይዤ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ጋሽ ዘለቀ ጡረታ እስኪወጡ ለገሃር ዕቃ ግምጃ ቤት ሠሩ። እኔ ስድስት ኪሎ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ሞቱ። በኋላ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆኜ ተቀጠርኩና በዚያው ፀጉሬ ሸበተ። ሰው ፈርሞ ያመጣው ወረቀት ላይ አንዲት ቃል ስጨምር ስልክ ደውዬ ሳልጠይቅ ጨምሬ አላውቅም፤ ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር።

የቀብራቸው ሰሞን ልጃቸው ከድሬዳዋ መጥታ፣ ዕቃቸውን ስታነሳ ስሜ የተጻፈበት ፖስታ አግኝታ ሰጠችኝ። ውስጡ የዚያ የታረመ ገጽ የካርቦን ቅጂ ነበር። ጀርባውን ገለበጥኩት። በዚያ ዶሮ የጫረው በሚመስል እጃቸው፣ ጣቢያዋ ከተዘጋች በኋላ ለብቻቸው ተመልሰው አዴ ዲንቄ ዘንድ ሄደው የጠየቁትን ጽፈዋል። ርዕሱ «ውሃ የቀዱት ሴቶች» ይላል። አንደኛ የአዴ ዲንቄ እናት ወርቂቱ፣ ሁለተኛ ጉዲቱ፣ ሦስተኛ ጫልቱ፣ አራተኛ ሌሊሴ፣ አምስተኛ አያንቱ፣ ስድስተኛ ብዙነሽ። ሰባተኛው መስመር ላይ ስም የለም። «አዴ ዲንቄ ዘነጉት። ይጠየቅ» ይላል።

በየጊዜው ጠይቄያለሁ። አዴ ዲንቄ ካረፉ ቆይተዋል፤ ሜዳው ዛሬ ኮንዶሚኒየምና ጋራዥ ሆኗል፤ ብዙው ሰው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ባለፈው ወር ግን እዚያው ሰፈር ሱቅ ያላት የአዴ ዲንቄ የልጅ ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። አያታቸው ለባቡሩ ውሃ ከቀዱት ሴቶች አንዷ እንደነበሩ የሚያወሩ አንዲት አሮጊት ከሰፈሩ ወንዝ ማዶ አግኝታለች። ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል፣ አለችኝ፤ ቢሆንም ስም አይረሱም።

ቅዳሜ ልሄድ ነው።